ዓምድ የሌለው ሰዓት

ከሌሊቱ ዘጠኝ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይዞታል፤
አንዴ ከጀመረ መተው የት ያውቃል?
አስራ አንድ አልጋ፥ አስራ ዘጠኝ ምጥ፤
ሁለት ሁለት ሆነው፥ ራስና እግራቸው ሲቀያየጥ፥
አንዷ ፋታ ስታገኝ አንዷ ስትናጥ።

መጋረጃው ለእጥበት ሄዶ ቀርቷል፤
ማን ያውቃል፥ የሆነ ቦታ ፋሻ ሆኖ ይሆናል።
አሁን በአልጋና በአልጋ መሃል ያለው ግርዶሽ
የእኔ ጀርባ ነው፤
ስዞር አብሮኝ ይዞራል።

አዋላጅ ነኝ። ስሜ ደረቴ ላይ ተለጥፏል፤
የማን እንደሆነ የማላውቀው ደም ሸፍኖታል።
የእነሱንም ስም አልጠራም፥ ጊዜ የለም።
«የአልጋ ሰባቷ፥ አትግፊ!»
«የአልጋ ሁለቷ፥ እግርሽን ክፈቺ!»
አመሻሹ ላይ አንዷን ጭኗ ላይ መታኋት።
መምታት ነውር መሆኑን ሰልጥኛለሁ፥ የምስክር ወረቀትም አለኝ፤
እጄ ግን ስልጠናው ላይ አልነበረም።

ከዚያ በሩ ተከፈተ።
ከበደሌ ወዲያ፥ በአይሱዙ፥
በበቆሎ ጆንያ ላይ ተጋድማ የመጣች፤
ነጠላ ጫማዋ አንድ እግር ብቻ።
ዲንቂቱ ትባላለች፤ ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው።
ጆሮዬን ሆዷ ላይ ብጥል የልጁ ልብ
በሩቅ እንደሚሄድ የፈረስ ኮቴ
አንዴ ይሰማል፥ አንዴ ይጠፋል።

«ለምን ቆየሽ?» ብዬ ጮህኩባት፤
«ምጡ ከያዘሽ ስንት ሰዓት ሆነው?»
«እኔ አልቆየሁም» አለች፥
«የቆየው መንገዱ ነው።»

የመጀመሪያው ኬላ መታወቂያ ጠየቃት፤
ሁለተኛው፥ ሆድሽ ውስጥ ያለው ምንድነው ብሎ
ልብሷን አስገለጣት።
ሦስተኛው ላይ ማንም አልነበረም፤
ገመዱ ብቻ መንገዱን ዘግቶ ይወዛወዛል።
ሹፌሩ መብራት አጥፍቶ ቆመ።
ከሁሉ ያስፈራት እሱ ነው።

ፓርቶግራፍ የምንለው ወረቀት አለ፤
አግድም ሰዓት፥ ሽቅብ የማኅፀን በር፤
ሁለት ሰያፍ መስመር፥
አንዱ «ንቂ»፥ አንዱ «ድረሺ» የሚል።
ነጥቧን የት ላኑር?
ገመድ ሥር ለቆመ ሰዓት ዓምድ አልተሰመረም፤
ብዕሬ አየር ላይ ቀረ።

ምጡ ፋታ ሲሰጣት አንጓዬን ጨብጣ
«መቃን ኬ ኤኙ?» አለችኝ።
ስሜን!
በዚህ ክፍል ሰባት ዓመት ሙሉ
ሲስተር ተብያለሁ፥ እናቴ ተብያለሁ፥ ተረግሜም አውቃለሁ፤
ስሜን የጠየቀኝ የለም።
ሳልመልስላት የልጁ ራስ መጣ።

ዝም ያለ ልጅ ነበር፥ ሰማያዊ።
ጀርባውን አሸሁት፥ በአምቡ ነፋሁለት፤
አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት፥
ጀነሬተሩ ጠፋ፤
ስልኬን በጥርሴ ነክሼ አበራሁለት፤
አንድ፥ ሁለት፥
እስከ ስንት እንደቆጠርኩ አላውቅም።
ኋላ ቀጭን ነገር ሰማሁ፥ እንደ ድመት።
አለቀሰ።
እኔም አለቀስኩ ብል ያምር ነበር፤
አላለቀስኩም፥ ደሟ ይፈስስ ነበር።

መብራቱ ሲመለስ ዞርኩ።
በአራተኛው አልጋ፥ የሰቃዋ ነጂሃ
ብቻዋን ወልዳ ጨርሳለች።
ልጇን በሻሿ ጠቅልላ፥ እትብቱ ገና ሳይቆረጥ፥
አየችኝ እንጂ አልተናገረችም።
ስንት ጊዜ ጠርታኝ ይሆን
ከግርዶሹ ወዲያ?

ሲነጋ መዝገቡን ሞላሁ።
«ያዋለደ ባለሙያ» ይላል፥ ከነጂሃ ትይዩ፤
ስሜን ጻፍኩ።
«እናቲቱ በስሟ ተጠርታለች?»
አዎ።
ከጤና ቢሮ የመጡት ምልክቱን ቢቆጥሩ
ሰማንያ ሰባት ከመቶ ሆነ፤
በርቱ ብለው ጨበጡን።

ዲንቂቱ ተኝታለች። ደሙ ቆሟል።
በስድስት ሰዓት ውስጥ ነው የምናስወጣቸው፥ አልጋው ይፈለጋል፤
ወዴት እንደሚሄዱ ቅጹ አይጠይቅም።

አዌቱን ስሻገር ወንዙ ሞልቶ ደፍርሷል።
ደረቴን አየሁት፤ ደሙ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፥
በስንጥቁ መሃል የስሜ የመጀመሪያ ፊደል ይታያል።
ተመልሼ ልንገራት አልኩ፤
ባጃጁ ጥሩንባውን ነፋብኝ።
ማታም ተረኛ ነኝ፤
ማታ እነግራታለሁ።
ማታ እዚያ አልጋ ላይ ሌላ ሰው ይኖራል።